ሰው ሲሳፈር ብቻ የሚቃጠል ፊውዝ፦ የአንድ ሙስታንግ የውስጥ መብራት ጉዳይ

መኪናዋ የ1966 (እ.ኤ.አ.) ፎርድ ሙስታንግ ናት። ባለሁለት በር፣ ጣሪያዋ ብረት። ባለቤቱ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ሰው ናቸው፤ እንደ ዓይናቸው ብሌን ነው የሚጠብቋት። ችግሯን ሲነግሩኝ ግን ግራ የገባቸው ይመስሉ ነበር።

«ብቻዬን ስሆን ሰላም ናት» አሉኝ። «ሰው ስይዝ ፊውዝ ትበላለች።»

«ሁልጊዜ ነው ጋሼ?»

«ኧረ አይደለም። አንዳንዱ ሰው ይገባል፣ ምንም አትልም። አንዳንዱ ደግሞ ገና በሩን ሲከፍት ድርግም! ሰው የምትመርጥ ነው የምትመስለው።»

ትንሽ ቆይተው አንድ ነገር ጨመሩ። «ሰሞኑን ፊውዙ መቃጠሉን ትቶታል። ብቻ ሰው ሲገባ የሆነ ነገር ይሸተኛል። የላስቲክ ሽታ።»

ይቺ የመጨረሻዋ አልጣመችኝም። ፊውዝ ሲበላ የኖረ መስመር በድንገት መብላቱን ካቆመና በምትኩ ሽታ ከመጣ፣ አንድ ሰው መሀል ገብቶበታል ማለት ነው።

«ሰው ትመርጣለች» የሚለውን ከእኔ በፊት ያዩዋት ባለሙያዎች ስቀው ነው ያለፉት። እኔን ግን ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ እሱ ነው። የኤሌክትሪክ ብልሽት መቼ መቼ እንደሚመጣ የሚነግራችሁ ባለቤት ካገኛችሁ የሥራው ግማሽ አለቀ። ባለቤቱ ምክንያቱን ላያውቁ ይችላሉ። ሰዓቱን ግን ከማንም በላይ ያውቃሉ።

ብር ወረቀቱ

መጀመሪያ የፊውዝ ሳጥኑን አየሁ። የውስጥ መብራቱ ፊውዝ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ የሚያብለጨልጭ ነገር አለ። ነቅዬ ሳወጣው የተቃጠለ የመስታወት ፊውዝ ነው፤ በሲጋራ ፓኮ ብር ወረቀት ተጠቅልሏል። ውስጡ ያለው ቀጭን ሽቦ ከተበጠሰ ቆይቷል። ኤሌክትሪኩ የሚያልፈው በወረቀቱ ላይ ነበር።

ሽታው ከየት እንደመጣ ያኔውኑ ገባኝ። ፊውዝ ማለት መስመሩ ውስጥ ሆን ተብሎ የተቀመጠ ደካማ ቦታ ነው። እሱን ጠንካራ ስታደርጉት ደካማው ቦታ ሌላ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ገመዱ ራሱ ነው። ገመዱ ደግሞ ምንጣፍ ሥር፣ መቀመጫ ሥር፣ ጨርቅ ሥር ነው ያለው።

የሚያናድደው ነገር፣ በዚያ ዘመን የአሜሪካ መኪናዎች ላይ ለዚህ ጉዳይ ታስቦበት ነበር። ኤስኤፍኢ የሚባሉት የመስታወት ፊውዞች በአብዛኛው አምፔራቸው ሲጨምር ርዝመታቸውም ይጨምራል። ትልቁን አምጥታችሁ በትንሹ ቦታ ልሰካ ብትሉ አይገባም። ብር ወረቀት ግን ለሁሉም ልክ ነው።

ብር ወረቀቱ እያለ በር መክፈት አቆምን።

መብራቱ እንዴት ነው የሚሰራው

የድሮ መኪና የውስጥ መብራት ቀላል ነገር ነው። ከባትሪ ተነስቶ በፊውዝ በኩል የሚመጣ ገመድ አለ። ይህ ገመድ በሞተር ማስነሻ ቁልፉ በኩል አያልፍም፤ ቁልፉ ኪስ ውስጥ ሆኖም በር ሲከፈት መብራት መብራት አለበትና። ከዚያ አምፖሉ አለ። የበር ስዊቹ አለ። መጨረሻ ላይ ማሳ አለ፤ ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር የተያያዘው የመኪናዋ ብረት በሙሉ ማለት ነው። (ፖዘቲቩን ማሳ ያደረጉ የድሮ የእንግሊዝ መኪናዎችም አሉ። እነሱን ለጊዜው እንተዋቸው።)

የበር ስዊች ከሌሎች ስዊቾች የሚለየው ሲጫኑት መጥፋቱ ነው። በሩ ሲዘጋ ጫፉን ይጫነዋል፣ ውስጥ ያለው ስፕሪንግ ይታመቃል፣ መስመሩ ይቋረጣል። በሩ ሲከፈት ስፕሪንጉ ጫፉን ወደ ውጭ ይገፋዋል፣ መስመሩ ይገናኛል። የሁለቱ በሮች ስዊቾች ጎን ለጎን ነው የተያያዙት። አንዱ ቢከፈትም ሁለቱ ቢከፈቱም ያው አንድ አምፖል ነው የሚበራው። እንደዚች ባለች ፎርድ ላይ ደግሞ ሦስተኛ ማብሪያ አለ። የፊት መብራቱን የምትስቡበት ዳሽቦርድ ላይ ያለው እጀታ ወደ ግራ እስከ መጨረሻው ሲዞር በሮቹ ዝግ ሆነውም የውስጥ መብራቱን ያበራል። እሱም ከበሮቹ ስዊቾች ጎን የተያያዘ ነው።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም መኪና አንድ ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ስዊቹ የት ተቀመጠ የሚለው ላይ ነው። ከአምፖሉ በፊት ወይስ በኋላ?

ብዙዎቹ ፋብሪካዎች ከአምፖሉ በኋላ፣ ማለትም ማሳው በኩል አስቀምጠውታል። የድሮዋ ቮልስዋገን እንደዚያ ናት። የእንግሊዟ ኤምጂቢ እንደዚያ ናት። የጄኔራል ሞተርስ መኪናዎችም እንደዚያ ናቸው። በነዚህ ላይ ፖዘቲቩ በቀጥታ አምፖሉ ድረስ ይሄዳል። አምፖሉ ቀንም ሌሊትም ኃይል አለው፤ የሚጎድለው ማሳ ብቻ ነው። ስዊቹ የበሩ ፍሬም ብረት ላይ ስለሚታሰር አካሉ ራሱ ማሳ ነው። ስለዚህ ወደ እያንዳንዱ በር አንድ ገመድ ይበቃል። በሺዎች ለሚያመርት ፋብሪካ ይህ ትልቅ ቁጠባ ነው።

ፎርድ ግን በዚያ ዘመን ስዊቹን ከአምፖሉ በፊት፣ ፖዘቲቩ ላይ አደረገው። ኃይሉ መጀመሪያ ወደ በሩ ይሄዳል። በሩ ሲከፈት በስዊቹ አልፎ በሌላ ገመድ ወደ አምፖሉ ይወጣል። የአምፖሉ ሌላኛው ጫፍ ጣሪያው ብረት ላይ በቀጥታ ማሳ ተይዟል። ስለዚህ ወደ እያንዳንዱ በር ሁለት ገመድ ያስፈልጋል። ስዊቹም ከኋላው ሁለት መሰኪያ አለው፤ ሁለቱም ከአካሉ የተለዩ ናቸው። ብረቱን የሚነካ ነገር የለውም።

ለተሳፋሪው ሁለቱም ያው ናቸው። በር ተከፈተ፣ መብራት በራ። ለሚጠግነው ሰው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ማሳ በኩል በሚቆረጠው መኪና ላይ ወደ በሩ የሚሄደው ገመድ ቢላጥና ብረት ቢነካ መብራቱ ሳይጠፋ ያድራል እንጂ ፊውዝ አይቃጠልም። ገመዱ ሠራ የሚባለው ማሳ ሲነካ ነውና። በፎርድ ላይ ያው ገመድ ያው ብረት ቢነካ ፊውዙ ወዲያው ይሄዳል። በአንጻሩ ማሳ በኩል በሚቆረጠው መኪና ላይ በሮቹ ተዘግተውም አምፖሉ ማቀፊያ ላይ ኃይል አለ። አምፖል ልቀይር ብሎ በካቻቢቴ የሚነካካ ሰው ጣሪያውን ካገናኘው ብልጭታ ያያል። በፎርድ ላይ በሮቹ ከተዘጉ ጣሪያው ላይ ያለው ነገር ሁሉ ሙት ነው።

በፊውዙ ቦታ አምፖል

የድሮ ዘዴ ነው። እስካሁን ግን የሚበልጠው አላየሁም። አንድ 21 ዋት የፍሬቻ አምፖል ላይ ሁለት ገመድ አስሬ በፊውዙ ቦታ ሰካሁት። መስመሩ ላይ ኮንታክት ቢኖር (ኃይል ያለው ገመድ በቀጥታ ማሳ ቢነካ) እንኳ በዚህ አምፖል ውስጥ የሚያልፈው ከሁለት አምፔር ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ የሚቃጠል ፊውዝም የሚሞቅ ገመድም የለም። ደግሞ አምፖሉ ይናገራል። ካልበራ ምንም የሚያልፍ ነገር የለም። ደብዘዝ ካለ ከፊቱ የተለመደ ጭነት፣ ማለትም እንደ አምፖል ያለ ኃይል የሚወስድ ነገር አለ። ቦግ ካለ ደግሞ መስመሩ በቀጥታ ማሳ ነክቷል።

ሁለቱም በር ዝግ፦ ጨለማ። ጥሩ።

የጋቢናውን በር ከፈትኩ። የጣሪያው መብራት ደብዘዝ ብሎ በራ፤ በእጄ የያዝኩትም እንዲሁ። የባትሪውን 12 ቮልት ተካፍለውታል። ጤናማ ነው።

የጋቢናውን ዘግቼ የሾፌሩን ከፈትኩ። ምንም የለም። የጣሪያውም የእኔም አልበራም። ጋሼ ከጀርባዬ ሆነው «በእኔ በኩል ከበራ ቆይቷል፣ ለምጄዋለሁ» አሉ። እስከዚያች ደቂቃ ይህን አልነገሩኝም ነበር። ሰው የለመደውን ነገር እንደ ብልሽት አይቆጥረውም።

«እስቲ ጋሼ፣ የዚያኛውን በር ይክፈቱልኝ» አልኳቸው፤ የሾፌሩን ክፍት እንደተውኩት።

ልክ ሲከፍቱት በእጄ ያለው አምፖል ቦግ አለ። የጣሪያው መብራት እፍ እንደተባለ ሻማ ጠፋ።

እጄን ሰድጄ የሾፌሩን በር ስዊች ጫፍ በጣቴ ተጫንኩት። የጣሪያው ተመልሶ በራ፣ የእኔው ደበዘዘ። ለቀቅኩት፦ የእኔው ቦግ፣ የጣሪያው ጭልም። ደግሜ ተጫንኩ፣ ደግሜ ለቀቅኩ። ጋሼ ዞረው መጥተው እሳቸውም በጣታቸው ሞከሩት። ከዚያ የጋቢናውን በር ዘግተን የዳሽቦርዱን እጀታ ወደ ግራ አዞርነው። የሾፌሩ በር ክፍት እስካለ ድረስ ውጤቱ ያው ነው።

አንድም ብሎን ሳይፈታ ጉዳዩ እዚህ ላይ ነው የተፈታው። የሾፌሩ በር ብቻውን ሲከፈት ፊውዝ አይነካም። ስለዚህ ስዊቹ ከባትሪ በሚመጣው ገመድ ላይ የለም። ነገር ግን ኃይሉ በሌላ በር ወይም በእጀታው አልፎ ወደ አምፖሉ ሲወጣ፣ ያው የሾፌሩ ስዊች ጎትቶ ማሳ ላይ ያወርደዋል። ስለዚህ ስዊቹ ወደ አምፖሉ በሚሄደው ገመድና በመኪናዋ ብረት መሀል ነው የተቀመጠው። ማለትም ማሳ በኩል ለሚቆርጥ መኪና የተሰራ ስዊች ፎርድ ላይ ገብቷል። ያውም በተሳሳተ ገመድ።

ሰው የመምረጧም ነገር በዚሁ ተፈታ። እንግዳው የሚሳፈረው ጋሼ ገብተው በራቸውን ከዘጉ በኋላ ከሆነ ምንም አይፈጠርም፤ የጣሪያው መብራትም በሥርዓቱ ይበራል። ሁለቱም በር እኩል ክፍት ከሆኑ ግን ፊውዙ ሄደ። ቀልጠፍ ብሎ አብሯቸው የሚገባ ሰው ያቃጥላል፤ ተረጋግቶ የሚጠብቅ አያቃጥልም። ብቻቸውን ሲነዱ ደግሞ የጋቢናውን በር የሚከፍተው የለም። ጋሼ ይህን ስነግራቸው አንድ ዘመዳቸውን በስም ጠርተው «እሱ እኮ ነው ሁሌ የሚያቃጥላት!» ብለው ሳቁ።

የጣሪያው ጨርቅ ለምን ወረደ?

የጣሪያው ጨርቅ ጠርዝ ላይ ሽብሽብ ብሏል። ማስቲሹም አዲስ ነው። ጠየቅኳቸው።

«አንዱ ባለሙያ ጣሪያው ውስጥ ያለው ገመድ ኮንታክት አድርጓል ብሎ አወረደው። ግን ምንም አላገኘም።»

ምን እንዳየ መገመት አይከብድም። ቴስተሩን ኦም (የሬዚስታንስ፣ ማለትም ኤሌክትሪክን የሚገታው ነገር መለኪያ) ላይ አድርጎ፣ አንዱን ጫፍ ወደ አምፖሉ የሚሄደው ገመድ ላይ፣ ሌላውን ብረት ላይ አስነክቶ አንድ ኦም ገደማ አንብቧል። «በቃ፣ ማሳ ነክቷል!»

በፎርድ ላይ ግን ይህ ንባብ ሁሌም ይመጣል፤ መኪናዋ ፍጹም ጤነኛ ብትሆንም። ምክንያቱም በገመዱና በብረቱ መሀል የተቀመጠው አምፖሉ ራሱ ነው። አንድ አምፔር ገደማ የሚወስድ አምፖል ሲበራ 12 ኦም አካባቢ ሬዚስታንስ አለው። ያ ግን የጋለ ሽቦ ሬዚስታንስ ነው። የቀዘቀዘ የአምፖል ሽቦ የዚያን አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነው የሚኖረው። ስለዚህ የጠፋ አምፖል በኦም ሲለካ ኮንታክት ይመስላል። መፍትሔው አምፖሉን ነቅሎ መለካት ነው። አምፖሉ ተነቅሎ በሮቹ ተዘግተው ከተለካ ንባቡ ክፍት፣ ማለትም ምንም የማያልፍበት መሆን አለበት። እኔ አምፖሉን ነቅዬ ስለካ በሮቹ ዝግ ሲሆኑ ክፍት፣ የሾፌሩ በር ሲከፈት ግን ማሳ ሆነ። ጣሪያው ንጹህ ነበር።

ለነገሩ በማሳ በኩል የሚቆርጡ መኪናዎች ላይ ያደገ ባለሙያ በዚህ ቢሳሳት አይገርመኝም። እነሱ ላይ በሩ ሲዘጋ ወደ ስዊቹ የሚሄደው ገመድ ከብረቱ ጋር ምንም ግንኙነት ሊኖረው አይገባም። የለመደውን ሕግ ነው ይዞ የመጣው። ጨርቁን ከማውረዱ በፊት አምፖሏን መንቀል ግን ብዙ ድካም አልነበረም።

ጥቁሩ ገመድ

ቀጥሎ የሾፌሩን በር ስዊች ፈታሁ። እንዳሰብኩት ከኋላው አንድ መሰኪያ ብቻ ያለው፣ አካሉ ብረት የሆነ ስዊች ነው። በቅርጹ ከዋናው ጋር ይቀራረባል። ቀዳዳው ውስጥም ልክ ገብቷል። አንድ ጥቁር ገመድ ተሰክቶበታል። ከጎኑ ሌላ ገመድ በናስትሮ ተጠቅልሎ ፍሬሙ ውስጥ ተወትፏል።

ጥቁሩን ገመድ በጨርቅና በትንሽ አልኮል ጠረግሁት። የዓመታት ቅባትና አቧራ ሲለቅ በርዝመቱ አንድ ቀጭን ሰማያዊ መስመር ብቅ አለች። ናስትሮውን ስፈታው ደግሞ አረንጓዴ ላይ ቢጫ መስመር ያለው ገመድ ወጣ። የቴስት አምፖል ሳስነካው በራ። ከባትሪ የሚመጣው ኃይል ነው። ናስትሮው በሙቀት ለስልሶ፣ ማስቲሹ ተንሸራቶ፣ የገመዱ ጫፍ ሊወጣ ጥቂት ነበር የቀረው። ያ ጫፍ ፍሬሙን ቢነካ በር ተከፈተ ተዘጋ ሳይል ነበር የሚያቃጥለው። በብር ወረቀቱ ደግሞ የሚያስቆመው የለም።

ነገሩ እንዴት እንደተፈጠረ ማየት ቀላል ነው። የዋናው ስዊች ጫፍ አርጅቶ በሩ ሲዘጋ በደንብ አይገባም ነበር። በር ተዘግቶም መብራቱ አይጠፋም። አንድ አምፔር በአንድ ሌሊት አሥር አምፔር ሰዓት አካባቢ ይበላል። አዲስ 50 አምፔር ሰዓት ባትሪ ይህን ችሎ ጠዋት ሞተር ያስነሳል። ያረጀ ባትሪ ግን አይችለውም። የጋሼም ባትሪ አልቻለም። ስዊቹ ይቀየር ተባለ። የተገኘው ባለ አንድ መሰኪያው ነው። ገመዶቹ ግን ሁለት ናቸው። የቱ ይሰካ? የቀየረው ሰው ጥቁር አየ። ጥቁር ማሳ ነው፣ ይህ ስዊች ማሳ የሚሰጥ ነው፣ ስለዚህ ጥቁሩ ነው ብሎ ሰካው። ሌላውን ጠቀለለው።

በፎርድ አሠራር ግን ጥቁር ላይ መስመር ካለው ማሳ አይደለም። ጥቁር ላይ ሰማያዊ ከበር ስዊች ወደ ውስጥ መብራት የሚሄደው ነው። አረንጓዴ ላይ ቢጫ ወደ ስዊቹ የሚመጣው ቋሚ ኃይል ነው። ሌሎቹ ጋ ስትሄዱ ደግሞ ሌላ ነው። በጀርመን መኪናዎች ላይ ማሳ ቡናማ ነው። በእንግሊዞቹ ላይ ማሳ ጥቁር፣ ቋሚው ኃይል ወይን ጠጅ፣ ወደ በር ስዊቹ የሚሄደው ወይን ጠጅ ላይ ነጭ መስመር ነው። ጄኔራል ሞተርስ ላይ ብርቱካናማው ኃይል፣ ነጩ ወደ በር የሚሄደው ነው። ቀለም አይቶ መወሰን የሚቻለው የማን ቀለም እንደሆነ ከታወቀ በኋላ ነው። ደግሞ ከተጠረገ በኋላ።

ያለ ጥፋቱ የተቃጠለው ስዊች

የጋቢናው በር ስዊች ዋናው፣ ባለሁለት መሰኪያው ነው። ምንም ጥፋት የለበትም። ይሁን እንጂ ሁለቱ በሮች አብረው በተከፈቱ ቁጥር ኃይሉ ሁሉ ያለፈው በሱ ውስጥ ነው። ከባትሪ፣ በብር ወረቀቱ፣ ወደ ጋቢናው ስዊች፣ ከዚያ በጥቁር ሰማያዊው ገመድ ወደ ሾፌሩ ስዊች፣ ከዚያ ብረት። መንገዱ ላይ አምፖል የለም። የጠቅላላው መንገድ ሬዚስታንስ ከግማሽ ኦም በታች ከሆነ ከ24 አምፔር በላይ ያልፋል። መስመሩ የተሰራው ለጥቂት አምፔር ነው።

ስዊቹን ሳወጣው የፕላስቲኩ መሰኪያ አንድ ጎኑ ቀልጦ ተጣሟል። የነሐሱ ጫፎች ጠቁረዋል። ገመዱን ከመሰኪያው ጀምሮ በጣቴ እየዳበስኩ ሄድኩ። መጀመሪያ ደርቋል፣ ቀጥሎ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፣ ትንሽ አለፍ ሲል ወደ ልስላሴው ይመለሳል። ሽታው የዚህ ነበር። ዕድለኛ ናቸው። ሁለት በር አብሮ ክፍት የሚቆየው ለጥቂት ሰከንድ ስለሆነ ነው ገመዱ ከመድረቅ ያላለፈው። ሻንጣ ለመጫን ሁለቱንም በር ከፍተው ቢቆዩ ኖሮ ታሪኩ ሌላ ነበር።

ጥገናው

ጋሼ አንድ ጥያቄ ነበራቸው። ጥሩ ጥያቄ ነው።

«ያንን ባለ አንዱን ትቶ፣ መኪናዋን ራሷን እንደሌሎቹ ማሳ በኩል እንዲቆርጥ ማድረግ አይቻልም? ስዊቹ በቀላሉ ይገኛል አሉኝ።»

ይቻላል። ግን ስዊቹን መቀየር ብቻ አይደለም። አምፖሉ ጣሪያው ላይ የያዘውን ማሳ መለየት፣ ቋሚ ኃይል እስከ አምፖሉ መሳብ፣ የዳሽቦርዱን እጀታ ግንኙነትም መገልበጥ ያስፈልጋል። ያ ሁሉ ተሠርቶ ሲያልቅ መኪናዋ በየትኛውም የፋብሪካ የገመድ ሥዕል ላይ የሌለች ትሆናለች። ቀጥሎ የሚያያት ባለሙያ የፎርድን ሥዕል ይዞ ሲመጣ ይስታል። ይህን ነው የነገርኳቸው። «ተወው በቃ፣ እንደነበረች አድርጋት» አሉ።

ሁለቱም በሮች ባለሁለት መሰኪያ ስዊች ገባላቸው። የደረቀው ገመድ ጤነኛው ክፍል እስኪደርስ ተቆርጦ በዚያው ውፍረት ባለው ገመድ ተተካ። መገጣጠሚያዎቹን ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል አልወድም፤ በማያያዣ ተጨምቀው፣ ሲሞቅ በሚጠበብ ላስቲክ ተሸፈኑ። የቀለሞቹ ነገር እንዳይደገም አዲሶቹ ገመዶች ጫፍ ላይ ምልክት ተደረገ። ፊውዙ ፋብሪካው ለዚያ ቦታ የጻፈው ልክ ሆነ። ጣሪያው ላይ አምፖሉ ማሳ የሚይዝበትን ቦታ እስከ ንጹህ ብረቱ ፋቅሁት። በማሳ በኩል በሚቆርጡት መኪናዎች ላይ ይህ ቦታ ሥራ የለውም፤ እዚህ ግን አምፖሉ የሚመለስበት መንገድ ይኸው ብቻ ነው። እዚያ ላይ ዝገት ካለ መብራቱ ይፈዛል።

ማረጋገጫው

ሥራው አልቋል ለማለት የምጠቀምበት መለኪያ አምፔር ነው። የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈትቼ ቴስተሩን መሀል አስገባሁ። ይህች መኪና ኮምፒውተር የላትም፣ ሰዓትም የላትም። ስለዚህ ሁሉም ነገር ሲዘጋ ዜሮ ነው የሚጠበቀው፣ ዜሮም ሆነ። አንዱን በር ስከፍት አንድ አምፔር ገደማ። ሌላውን በር ብቻ ስከፍት ያው። ሁለቱንም በአንድ ላይ ስከፍት አሁንም ያው አንድ አምፔር፤ ቅንጣት አልጨመረም። ሁለት ስዊች ቢኖርም አምፖሉ አንድ ነውና። ሁለቱን በር ከፍቼ እጀታውንም አዞርኩ። ንባቡ አልተነቃነቀም። ፊውዙም በቦታው።

እጀታውን ካነሳሁ አይቀር፦ «በሮቹ ተዘግተው መብራቱ አልጠፋም» ተብለው ከሚመጡ ፎርዶች መካከል ምንም ብልሽት የሌለባቸው አሉ። የፊት መብራት ሲስብ ወይም ሲመልስ አንዱ ሰው እጀታውን ወደ ግራ አዙሮታል። ቀን ላይ መብራቱ አይታይም። ባትሪው ጠዋት ይሞታል። ስዊች ከመፈታቱ በፊት እጀታውን ወደ ቀኝ መመለስ ይበቃል።

የጋቢናው በር ላይ አንድ ትንሽ ነገር ቀርታ ነበር። ማጠፊያው ተልፈስፍሶ በሩ ዝቅ ብሏል። ሲዘጋ የስዊቹን ጫፍ መሀሉን ሳይሆን ጠርዙን ነው የሚነካው። እንዲህ ከተተወ አዲሱም ስዊች ቶሎ ይጣመማል። የማጠፊያውን ብሎኖች አላልቼ በሩን ከፍ በማድረግ መልሼ አሰርኩ። ከዚያ ውስጥ ገብቼ ሁለቱንም በር ዘጋሁ። መብራቱ ጠፋ።

የጣሪያው ጨርቅ ሽብሽብ ግን እንዳለ ነው። እሱን የጣሪያ ልብስ የሚሠራ ባለሙያ ይየው ብዬ ቁልፉን አስረከብኳቸው።